ሰው የሚለው ቃልና የፈረንሳይ ሴቶች
በ1789 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የመንግሥት ለውጥ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተጻፈ ትምህርት

በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የመንግሥት ለውጥ በተነገረ ጊዜ ስማቸው የሚጠራው ነገሥታት፣ የጦር አለቆችና በሸንጎ የተናገሩ ወንዶች ናቸው። ሴቶች የተነሡ እንደ ሆነ ግን ወይ የተገደለች ንግሥት፣ ወይ ያለቀሰች እናት ሆነው ባንድ መስመር ይታለፋሉ። ይህን አንብቦ የሚያድግ ተማሪ ሴቶች በአገር ነገር እጃቸው የሌለበት ይመስለዋል፤ ተማሪዪቱም ታሪክ የእርስዋ ጕዳይ እንዳልሆነ ታስባለች። ይህ ትምህርት የተጻፈው እንዲህ ያለውን አሳብ በአንድ እውነተኛ ነገር ለማቅናት ነው። የመረጥነውም የፈረንሳይ ሕዝብ በ1789 ዓ.ም. የተነሣበትን፣ ዛሬ አብዮት የሚባለውን ታላቅ ለውጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጻፈው ቀንና ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አንባቢው ሁለት ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። አንደኛው፣ ሴቶቹ በገዛ እግራቸው ሄደው የሠሩት ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ከሥራው በኋላ ሁለት ፍች ያለው አንድ ቃል ዋጋቸውን እንዴት እንዳስቀረባቸው ነው።

1ኛ፤ ስለ ዳቦ መወደድ

በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነበሩ። መቀመጫቸውም ከፓሪስ ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ነበር። መንግሥቱ ከጦርነት ወጪ የተነሣ ዕዳ በዝቶበት ነበር። ካህናቱና መኳንንቱ ከብዙው ግብር ነጻ ስለ ነበሩ ሸክሙ በገበሬውና በከተማው ድኻ ላይ ይወድቅ ነበር። በዚህ ላይ በጁላይ 13 ቀን 1788 ዓ.ም. ታላቅ በረዶ ወርዶ በብዙ አውራጃ ያለውን እህል መታው። ቀጥሎም የመጣው የብርድ ወራት ወንዞችን እስኪያረጋ ድረስ የበረታ ሆነ። ወንዝ የረጋ እንደ ሆነ የውሃ ወፍጮ አይዞርም፤ እህል ያለው ሰው እንኳ ዱቄት አያገኝም።

የፓሪስ ድኻ የሚኖረው በዳቦ ነበር። 2 ኪሎ ያህል የሚመዝን አንድ ዳቦ በደኅናው ጊዜ 8 ወይም 9 ሱ ይሸጥ ነበር፤ ሱ የሚባለው የዚያን ጊዜ መናኛ ገንዘብ ነው። በፌብሩዋሪ 1789 ዓ.ም. ግን ይኸው ዳቦ 14 ሱ ተኩል ደረሰ። የቀን ሠራተኛ ደግሞ በቀን የሚያገኘው ከ20 እስከ 30 ሱ ያህል ነበር። መምህራን ሆይ፣ ይህን ቍጥር በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ከተማሪዎቻችሁ ጋራ አስሉ። በቀን አንድ ዳቦ የሚበላ ቤተ ሰብ ለቤት ኪራይ፣ ለማገዶና ለልብስ የሚተርፈው ምን ያህል እንደ ነበረ ታገኛላችሁ።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ በጋጋሪው ደጅ የምትቆመው፣ ባዶ እጅዋንም ስትመለስ የልጆችዋን ልቅሶ የምትሰማው ሴቲቱ ነበረች። ስለዚህ የመንግሥቱን መበላሸት ሊቃውንቱ በመጽሐፍ ከመጻፋቸው ይልቅ እርስዋ በሌማትዋ ላይ አስቀድማ አየችው።

2ኛ፤ ወደ ቬርሳይ ስለ ተደረገው ጕዞ

በሜይ 5 ቀን 1789 ዓ.ም. ንጉሡ የካህናቱን፣ የመኳንንቱንና የሕዝቡን እንደራሴዎች በቬርሳይ ሰበሰቡ። በጁን 17 ቀን የሕዝቡ እንደራሴዎች ራሳቸውን ብሔራዊ ሸንጎ ብለው ሰየሙ። በጁላይ 14 ቀን የፓሪስ ሕዝብ ባስቲል የሚባለውን ምሽግና ወህኒ ቤት ያዘ። በኦገስት 26 ቀን ሸንጎው የሰውንና የዜጋን መብት የሚናገር 17 አንቀጽ ያለበት አዋጅ አወጣ። ነገር ግን ንጉሡ አዋጁን ተቀብለው አላጸደቁም፤ ዛሬ ነገ እያሉ ያዘገዩት ነበር። መከሩ ቢገባም ዳቦ ከገበያ እየጠፋ ሄደ። በኦክቶበር 1 ቀን ደግሞ ከፍላንድር ለመጣው ጦር ሹማምንት በቤተ መንግሥቱ ግብዣ ተደረገ። በግብዣውም ላይ ባለ 3 ቀለሙ የሕዝቡ ምልክት ተረገጠ የሚል ወሬ ፓሪስ ደረሰ። ለተራበ ሰው የግብዣ ወሬ እሳት ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 5 ቀን ጧት፣ የገበያ ነጋዴዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ አጣቢዎችና ሌሎችም ሴቶች ከበሮ እየመቱ ከየሰፈራቸው ወጡ። አስቀድመው ወደ ከተማው አስተዳደር ቤት ገብተው መሣሪያ ያዙ። ከዚያም ባስቲልን ከያዙት ሰዎች አንዱን ስታኒስላስ ማያርን መሪ አድርገው መድፍ እየጐተቱ ወደ ቬርሳይ ሄዱ። ቍጥራቸው ብዙ ሺህ ነበር። ዝናብ እየወረደባቸው፣ ጭቃውን እየረገጡ 6 ሰዓት ያህል ተጕዘው በማታ ደረሱ። ልብሳቸው እንደ ራሰ ወደ ሸንጎው አዳራሽ ገብተው በእንደራሴዎቹ ወንበር መካከል ተቀመጡ፤ ዳቦ እንዲሰጣቸውም ጠየቁ። የሸንጎው አፈ ጉባኤ ሙኒዬ ከሴቶቹ ጥቂቶቹን ይዘው ወደ ንጉሡ አቀረቡ። ንጉሡም በመልካም ቃል ተቀብለው ለፓሪስ እህል እንዲላክ አዘዙ። በዚያችው ማታ ያን ሲያዘገዩት የነበረውን የመብት አዋጅ ተቀበሉ።

በእኩለ ሌሊት ገደማ ላፋዬት የሚባሉት አዛዥ 20 ሺህ ያህል የከተማ ዘብ አስከትለው ደረሱ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከሕዝቡ አያሌዎች በር ሰብረው ወደ ቤተ መንግሥቱ ገቡ፤ 2 የንጉሥ ዘበኞችም ገድለው ራሳቸውን በጦር ላይ ሰቀሉ። ንግሥት ማሪ አንቷኔት ወደ ንጉሡ ክፍል ሸሽተው ዳኑ። ይህን ክፉ ሥራ ደብቆ የሚጽፍ ሰው ታሪክ አስተማሪ ሊባል አይገባውም፤ ስለዚህ ለተማሪዎች እንደ ሆነው ይነገራቸው። ከዚህ በኋላ ንጉሡ ወደ ፓሪስ ለመሄድ እሺ አሉ። በኦክቶበር 6 ቀን ከቀትር በኋላ ዱቄት የጫኑ ጋሪዎች፣ የጦር ሰዎች፣ ሴቶቹና የንጉሡ ሠረገላ በአንድነት ተጓዙ። ሴቶቹም በመንገድ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ልጃቸውን የዳቦ ጋጋሪ ቤተ ሰብ እያሉ ይጠሩ ነበር። ይኸውም ንጉሥ በመካከላችን ከኖረ ዳቦ አይጠፋም ማለታቸው ነው።

የዚህ ጕዞ ፍሬ ምንድር ነው ቢሉ፣ ሦስት ነው። የመብቱ አዋጅ ጸደቀ። ከ1682 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥቱ መቀመጫ የነበረው ቬርሳይ ተለቀቀ፤ ንጉሡም ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሰው አልኖሩበትም። ሸንጎውም ንጉሡን ተከትሎ ወደ ፓሪስ ገባና በሕዝቡ ዓይን ሥር ሆነ። ወንዶቹ በ3 ወር ያልፈጸሙትን ነገር እነዚህ ሴቶች በ2 ቀን ፈጸሙት።

3ኛ፤ ስለ አንድ ቃል ሁለት ፍች

እንግዲህ ወደ ቃሉ እንመለስ። ሴቶቹ ንጉሡን ያስቀበሉት አዋጅ የሰው መብት አዋጅ ይባላል። በፈረንሳይ ቋንቋ ሰው ተብሎ የተጻፈው ቃል ኦም ነው። ይህ ቃል ሁለት ፍች አለው፤ አንዱ ፍች ሰው ሁሉ፣ ሁለተኛው ፍች ወንድ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ግእዝ የተማረ ሰው እንዲህ ያለው ግራ መጋባት አያገኘውም። ግእዝ ሰብእ ብሎ የሰውን ወገን ሁሉ፣ ብእሲ ብሎ ወንዱን፣ ብእሲት ብሎ ሴቲቱን ለይቶ ይጠራልና። ደግሞም ሰውን እጓለ እመሕያው ይለዋል፤ ይኸውም የሕያዋን እናት ልጅ ማለት ነው። በዚህ ስም ሰው ሁሉ በእናቱ በኩል ይጠራል።

በፈረንሳይ ግን ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ነገሩ በተርጓሚው እጅ ወደቀ፤ ተርጓሚዎቹም ሁሉ ወንዶች ነበሩ። በዲሴምበር 22 ቀን 1789 ዓ.ም. ሸንጎው መራጭ የሚሆነው ማን እንደ ሆነ በሕግ ወሰነ። መራጩ 25 ዓመት የሞላውና የ3 ቀን ደመወዝ የሚያህል ግብር የሚከፍል ወንድ እንዲሆን ሆነ። ድኻውም ወንድ በዚሁ ሕግ ከምርጫ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ ያገኘ እንደ ሆነ በሩ ይከፈትለታል። ሴት ግን ምንም ብታገኝ አይከፈትላትም። ሴቶቹ በዝናብ ከሄዱበት ቀን እስከዚህ ሕግ ድረስ 3 ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

4ኛ፤ የቃሉን ፍች ስለ ጠየቁ ሰዎች

ይህን ነገር ዝም ብለው ያላለፉ ሰዎች ነበሩ። ኮንዶርሴ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በጁላይ 3 ቀን 1790 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን እንደ ሒሳብ አድርጎ አቀረበው። የሰው መብት የሚመጣው ሰው አሳቢ ፍጡር ከመሆኑ የተነሣ ከሆነ፣ ሴትም አሳቢ ስለሆነች መብቱ ይገባታል፤ ለእርስዋ ካልተገባ ለወንዱም የሚገባበት ምክንያት አይገኝም አለ።

ከእርሱም የበለጠ የደፈረች በ1748 ዓ.ም. በሞንቶባን ከተማ የተወለደች ኦሊምፕ ደ ጉዥ የምትባል ጸሐፊ ነበረች። በሴፕቴምበር 1791 ዓ.ም. የሴትንና የሴት ዜጋን መብት የሚናገር አዋጅ ጽፋ አሳተመች። የሸንጎው አዋጅ 17 አንቀጽ እንደ ነበረው የእርስዋም 17 አንቀጽ ነበረው፤ ሰው ወይም ወንድ በሚለው ስፍራ ሴት የሚለውን ስም አገባችበት። አሳብዋም ሴት ባጠፋች ጊዜ ሕጉ እንደ ወንድ የሚቀጣት ከሆነ ሕግ በሚወጣበት ስፍራም እንደ ወንድ ልትናገር ይገባታል የሚል ነው። በ1793 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ የሚወደውን የመንግሥት ዓይነት ራሱ ይምረጥ የሚል ጽሑፍ በግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ስላሳተመች ተይዛ በኖቬምበር 3 ቀን በሞት ተቀጣች። ስለ ቅጣቱ የተናገረችው በራስዋ ላይ ተፈጸመ፤ ስለ መናገሩ የጠየቀችው ግን አልተሰጣትም።

ሌሎችም ነበሩ። በማርች 6 ቀን 1792 ዓ.ም. ፖሊን ሌዎን የምትባል የጣፋጭ ሠሪ ልጅ ከ300 የሚበልጡ ሴቶች የፈረሙበትን ልመና በሸንጎው ፊት አነበበች። ልመናውም ሴቶች መሣሪያ ይዘው እንዲለማመዱና ከተማቸውን እንዲጠብቁ ይፈቀድ የሚል ነበር። እርስዋና ክሌር ላኮምብ የምትባል የቴአትር ተጫዋች በሜይ 1793 ዓ.ም. የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ።

5ኛ፤ ሴቶች ሁሉ አንድ አሳብ እንዳልነበሩ

ከዚህ ላይ መምህሩ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ሴቶች ሁሉ በአንድ ወገን ቆመው ነበር ብሎ ማስተማር ሐሰት ነው። በየገጠሩ ለመንግሥት አንምልም ያሉትን ካህናት በቤታቸው ደብቀው የመገቡ ብዙ ሴቶች ነበሩ። በጁላይ 13 ቀን 1793 ዓ.ም. ማራ የተባለውን የለውጡን ጸሐፊና እንደራሴ በካራ ወግታ የገደለች ሻርሎት ኮርዴ የምትባል የ24 ዓመት ሴት ናት። ከላይ በተናገርነው ማኅበር ላይ ከተነሡትም ጠላቶች ብርቱዎቹ የገበያ ሴቶች ነበሩ። የማኅበሩ ሴቶች የእህል ዋጋ በሕግ እንዲወሰንና ሴት ሁሉ ባለ 3 ቀለሙን ምልክት እንድታደርግ ይፈልጉ ነበር። የገበያ ሴቶች ግን የዋጋው ሕግ ንግዳቸውን ስለ ጐዳ በኦክቶበር 1793 ዓ.ም. መጨረሻ ከማኅበርተኞቹ ጋራ ተደባደቡ፤ ማኅበሩም እንዲዘጋ ለመንግሥት አመለከቱ።

መንግሥቱም ይህን ምክንያት አድርጎ በኦክቶበር 30 ቀን የሴቶችን ማኅበር ሁሉ ዘጋ። አማር የተባለው እንደራሴ ለሸንጎው ሲናገር ሴት ለመንግሥት ሥራ የሚሆን ጕልበትና ጽናት የላትም አለ። ከ4 ዓመት በፊት ግን በዚያው ወር ንጉሡን ከቬርሳይ ያመጡት ሴቶች ነበሩ። ወንዶች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ወንድ ሁሉ ከሸንጎ ይውጣ ያለ የለም፤ ሴቶች በተጣሉ ጊዜ ግን ጠቡ በሴት ሁሉ ላይ ፍርድ ሆነ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የተጻፈው ሕገ መንግሥት ለድኻው ወንድ ጭምር የምርጫ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ በሥራ ባይውልም እንኳ የድኻው ወንድ ስም ገብቶበታል። የሴት ስም ግን አልገባም።

በ1795 ዓ.ም. ዳቦ እንደ ገና ጠፋ። በሜይ 20 ቀን ሴቶች ከወንዶች ጋራ ሆነው ዳቦና የ1793 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይሰጠን እያሉ ወደ ሸንጎው ገቡ፤ ፌሮ የሚባል አንድ እንደራሴም በዚያ ተገደለ። ጦር መጥቶ ሁከቱን ካበረደ በኋላ ሴቶች ወደየቤታቸው እንዲገቡና ከ5 በላይ ሆነው በመንገድ ላይ የተገኙ እንደ ሆነ እንዲያዙ ታዘዘ። በ1789 ዓ.ም. በሸንጎ ወንበር የተቀመጡት ሴቶች በ1795 ዓ.ም. 6 ሆነው በመንገድ መቆም ተከለከሉ።

6ኛ፤ በሕግ ስለ ተገኘውና ስለ ቀረው

የሴቶቹ ድካም ሁሉ ከንቱ ሆነ እንዳይባል በሕግ የተጻፈላቸውን ነገር እንቍጠር። በኤፕሪል 1791 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ሰው ሳይናዘዝ የሞተ እንደ ሆነ ሴት ልጁም ከወንድ ልጁ ጋራ እኩል እንድትወርስ ሆነ። በሴፕቴምበር 20 ቀን 1792 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ጋብቻ በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍና ባልም ሚስትም ፍች ለመጠየቅ እንዲችሉ ሆነ። በ1804 ዓ.ም. በናፖሌዎን ጊዜ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ለባልዋ እንድትታዘዝ አዘዘ፤ የፍችውንም መንገድ አጠበበ። በ1816 ዓ.ም. ፍች ጨርሶ ተከለከለ፤ የተመለሰው በ1884 ዓ.ም. ነው። የሴቶች ልጆች ውርስ ግን በዚያው በ1804 ዓ.ም. ሕግ ውስጥ እንደ ጸና ቀረ።

ይህ ውርስ ስለ ምን ጸና፣ ሌላው ስለ ምን ጠፋ ቢሉ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በውርሱ ሕግ ነገሩ ተለይቶ ወንድም ሴትም ተብሎ ተወስኖአል፤ ለተርጓሚ የተተወ ነገር የለበትም። የመብቱ አዋጅ ግን ሰው ብሎ ብቻ ስለ ተወ ለ155 ዓመት ወንድ ተብሎ ተተረጐመ። በ1848 ዓ.ም. እንኳ የሁሉ ድምፅ የተባለው የምርጫ ሕግ በወጣ ጊዜ ሁሉ ማለት ወንዶች ሁሉ ማለት ሆነ። የፈረንሳይ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በኤፕሪል 21 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው፤ ድምፃቸውንም መጀመሪያ የሰጡት በኤፕሪል 29 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። በ1946 ዓ.ም. የተጻፈው ሕገ መንግሥት በመግቢያው ሴት የሚለውን ስም ለይቶ ጠርቶ በነገር ሁሉ መብትዋ ከወንድ ጋራ እኩል መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ወዲያ ወንድ ብቻ ብሎ የሚተረጕመው አልተገኘም።

7ኛ፤ ለመምህራንና ለሽማግሎች

በዚያ ዘመን መጨረሻ፣ ከ1786 እስከ 1790 ዓ.ም.፣ በፈረንሳይ አገር በጋብቻ መዝገብ ላይ ስማቸውን ለመፈረም የቻሉ ሰዎች ተቈጥረዋል። ከ100 ወንዶች 47፣ ከ100 ሴቶች ግን 27 ብቻ ፈርመዋል። እንግዲህ በቬርሳይ መንገድ ከተጓዙት ሴቶች ብዙዎቹ የሠሩትን ራሳቸው አልጻፉም። ቃላቸው ለእኛ የደረሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍርድ ቤት ስለ ሁከቱ ሲመረምር ምስክርነታቸውን ጸሐፊ ስለ ጻፈው ነው። ጸሐፊው የተጠየቁትን ጻፈ፤ ያልተጠየቁት ነገር አልተጻፈም። በጽሑፍ ደግሞ ለራሳቸው የተከራከሩት ሴቶች ብዕር መያዝ ያወቁት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ስትቈጥር፣ ሥራዋን ራስዋ ለመጻፍና በስምዋ የሚጻፈውን ራስዋ አንብባ ለማረም ትዘጋጃለች። በቤት ሥራ ምክንያት ከትምህርት የምትቀር ልጅ ብትኖር መምህሩ ይህን ለወላጆችዋ ያስረዳ።

ለሽማግሎች ደግሞ እንዲህ እንላለን። በመንደራችሁ የኑዛዜ ቃል ሲነበብ፣ ውርስ ሲከፈል፣ የዕርቅ ቃል ሲጻፍ ልጅ፣ ወራሽ፣ ባለርስት፣ ሰው የሚሉ ቃላት ይመጣሉ። እነዚህ ቃላት ወንዱንም ሴቲቱንም የሚይዙ ናቸው። ነገር ግን ጸሐፊው ለይቶ ያልጻፈ እንደ ሆነ፣ የተናገረው ሰው ከሞተ በኋላ ጕልበት ያለው ለራሱ ይተረጕመዋል። ልጆቼ ያለው ሟች ሴቶቹንም ጭምር ማለቱ እንደ ሆነ፣ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ በየስማቸው ይጻፍ። አንድ መስመር ቀለም ከብዙ ዘመን ክርክር ያድናል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1ኛ፤ በኦክቶበር 1789 ዓ.ም. ሴቶቹ ወደ ቬርሳይ የሄዱበት ምክንያት ዳቦ ብቻ ነበረን? ምክንያቶቹን ዘርዝሩ።

2ኛ፤ ድኻው ወንድና ሴት ሁለቱም በዲሴምበር 1789 ዓ.ም. ሕግ ከምርጫ ቀሩ፤ የሁለቱ መቅረት የሚለያየው በምንድር ነው?

3ኛ፤ የገበያ ሴቶች በሴቶች ማኅበር ላይ የተነሡበት ምክንያት ምን ነበር? ሸንጎው ያንን ጠብ ምክንያት አድርጎ የሴቶችን ማኅበር ሁሉ መዝጋቱ ፍርድ ነውን? በሁለት ወገን ሆናችሁ ተከራከሩ፤ በየወገኑም ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች ይኑሩ።

4ኛ፤ ተማሪዎች ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው አንድ የመንደራቸውን ታሪክ ጠይቀው ይጻፉ። የተናገረችውም ሴት ስም ከጽሑፉ ራስ ላይ ይጻፍ፤ ጽሑፉም ከመጠናቀቁ በፊት ለእርስዋ ይነበብላትና ያልተስማማትን ቃል ታርም።